«አሠልጣኙ ይባረር!» ከማለታችን በፊት

በሳምንቱ መጨረሻ ከ18 ማዞሪያ እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ ዳር ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ የምታውቁ ከሆነ የምነግራችሁ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ደጋፊ ቡድኑ አንድ ጎል ሲገባበት ፊቱን ያኮሳትራል፤ ሁለተኛው ሲገባ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል፤ ሦስተኛው ሲደገም ግን ከወደ ጥግ አንድ ድምፅ ይሰማል። «ይሄ ሰውዬ ይባረር!» በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ቤቱ በሙሉ የክለብ ቦርድ ይሆንና ስብሰባ ይቀመጣል። አሠልጣኙ ይሰናበታል፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አዲስ አሠልጣኝ ይቀጠራል።

እኔም ከእነዚህ «የቦርድ አባላት» አንዱ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አልፎ አልፎ ያገረሽብኛል። ዛሬ ግን ጉዳዩን ረጋ ብለን እንድናየው ፈልጌ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። ውጤት የራቀው ክለብ አሠልጣኙን ማባረር አለበት ወይስ የለበትም? ጥያቄው የኳስ ብቻ ይመስላል እንጂ እኛን የማኔጅመንት ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። ሠራተኛ መቅጠር፣ የሥራ አፈጻጸምን መመዘን፣ ማሰናበት፣ ኃላፊነትና ተጠያቂነት ምናምን እያልን በየሴሚስተሩ ስንማር እንውልና ኳስ ቤት ስንገባ ሁሉንም በር ላይ ጥለነው እንገባለን።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በእኔ እምነት በውድድር አጋማሽ አሠልጣኝ ማባረር አብዛኛውን ጊዜ የክለቡን በሽታ አያድንም፤ የአመራሩን ጥፋት ይሸፍናል እንጂ። አሠልጣኝ ፈጽሞ አይባረር አልልም። የሚያባርረው አካል አስቀድሞ ራሱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ እነሱን ሳይመልስ የሚጽፈው የስንብት ደብዳቤ ዋጋ የለውም ነው የምለው።

ወደ ትልልቆቹ ክለቦች ከመሄዴ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም። በዲፓርትመንቶች መካከል በሚደረገው የኮሌጃችን ውድድር ላይ ቡድናችንን ያሠለጥን የነበረው አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ልጁ በራሱ ፈቃድ ነው የገባበት፤ የሚከፈለው አልነበረም። በማለዳ ተነሥቶ ልጆቹን ያስሮጣል፣ ማሊያ ሰብስቦ ያጥባል፣ ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ስድቡን ይቀበላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን። ወዲያው አምስት የኮሚቴ አባላት ካፌ ውስጥ ተሰብስበን፣ ማኪያቶ አዝዘን፣ ልጁን ሳንጠራው አነሣነው። እጄን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ውሳኔውን እንዲነግረው የተላክሁትም እኔው ነኝ።

አዲስ አሠልጣኝ ሾምንና ሦስተኛውን ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፍን። እንዴት እንደጨፈርን አትጠይቁኝ! «አላልኳችሁም?» ያላለ የኮሚቴ አባል አልነበረም። አራተኛውን ተሸንፈን ከውድድሩ ስንሰናበት ግን ዝም ተባለ። ቆይቼ ሳስበው ሦስተኛው ተጋጣሚያችን በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ ያላሸነፈ ቡድን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ደግሞ ሁለት ዋና ተጫዋቾቻችን ሚድ ኤግዛም ላይ ስለነበሩ አልተሰለፉም፤ በሦስተኛው ተመልሰው ነበር። ቡድኑ የነበረው ኳስ ሁለት ብቻ ሲሆን አንዱ ይተነፍስ ነበር። ልጁ ውሳኔውን ስነግረው የመለሰልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ኳስ ሳትሰጡኝ ጎል ጠየቃችሁኝ» አለኝና ሄደ። ያንን ጊዜ ንግግሩን እንደ ሰበብ ነው የቆጠርኩት።

አሁን ከዚህ ገጠመኝ የሚወጣውን ትምህርት እንመልከት። አንድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 70 ያመጣል እንበል። አንድ ቀን ታሞ ወይም ጥያቄው ከብዶት 45 ቢያመጣ በሚቀጥለው ፈተና ወደ 70 የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። በመካከል አባቱ ቢቆጡት «ቁጣዬ ሠራ» ይላሉ፤ እናቱ ጠበል ቢያስጠምቁት «ጠበሉ ሠራ» ይላሉ፤ አስጠኚ ቢቀጠርለትም ምስጋናውን አስጠኚው ይወስዳል። ተማሪው ግን የተመለሰው ወደ ራሱ ልክ ነው። ስታትስቲክስ ያስተማሩን መምህር ወደ አማካይ መመለስ ያሉን ይሄንኑ ነው። ክለብም እንዲሁ ነው። አሠልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከልኩ እጅግ በወረደበት ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ ውጤቱ ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የኔዘርላንዱ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ባስ ተር ዌል እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የሀገሩን የእግር ኳስ ሊግ መረጃ ወስዶ አሠልጣኝ መቀየር ውጤት ያሻሽል እንደሆነ መርምሯል። በእርግጥ አሠልጣኝ ያባረሩት ክለቦች ከስንብቱ በኋላ ውጤታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ነገር ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ወርደው ሳለ አሠልጣኛቸውን ያላባረሩት ክለቦችም እንዲሁ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ለመሻሻሉ ምክንያቱ ስንብቱ ነው ማለት አይቻልም። እኛ ኳስ ቤት ስንቀመጥ የምናየው ያባረረውን ክለብ ብቻ ነው፤ ያላባረረውን ከጎኑ አስቀምጦ የሚያወዳድር የለም።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ከሰውነት ቢሻው የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላገኘሁም። የእሱ ጉዳይ የብሔራዊ ቡድን እንጂ የክለብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የአባራሪው ጠባይ ግን አንድ ነው። እንደሚታወቀው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከሜዳቸው ውጪ 5 ለ 3 ተሸንፈው ስለነበር ያለፉት ከሜዳ ውጪ ባገቧቸው ጎሎች ነው። ከ31 ዓመት በኋላ! ያን ማታ ከተማው እንዴት እንዳበደ በዕድሜ የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። በዚያው ዓመት ቡድኑ በደቡብ አፍሪካው ውድድር ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣ፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያም ለ2014 የዓለም ዋንጫ ለማለፍ እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ደረሰ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ደግሞ በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። ዓለም ዋንጫ ደጃፍ ላይ ደርሶ መመለስ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያስ? ጥር 2006 ዓ.ም. በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የቻን ውድድር ቡድኑ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸነፈ። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ውጤቱ መጥፎ ነው፤ ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ ሳላዲን ሰዒድን የመሳሰሉ በውጭ ሀገር የሚጫወቱት ልጆች በውድድሩ ደንብ ምክንያት እዚያ ሊሰለፉ አይችሉም ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙን አሰናበተ። ከ31 ዓመት በኋላ የተገኘው ሰው በሦስት ጨዋታ ተመዝኖ ወደቀ።

እሺ፣ ስንብቱ ምን አመጣ? ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሄደ። ዮሐንስ ሣህሌ ተተካ፤ እሱም ዓመት ገደማ ቆይቶ ሄደ። ገብረመድህን ኃይሌ መጣና ሄደ። አሸናፊ በቀለ መጣና ሄደ። አብርሃም መብራቱ ቀጠለ፤ ቀጥሎም ውበቱ አባተ። በመካከል የ2015፣ የ2017 እና የ2019 የአፍሪካ ዋንጫዎች እ.ኤ.አ. አቆጣጠር ያለ ኢትዮጵያ አለፉ። ቡድኑ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ በውበቱ ዘመን ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን ያመጣው አይደለም። በዚያው ማጣሪያ ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን የአብርሃም መብራቱ ቡድን ነበር። አንዱ የዘራውን ሌላው አጨደ ማለት ነው። በየዓመቱ የምንነቅል ከሆነ ግን የሚታጨድ ነገር ከየት ይመጣል?

አንዳንድ አንባቢ «ሰውነት ባይባረርም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችል ነበር» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፤ ሊሆን ይችል ነበር። ያልሆነውን ነገር ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የእኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ስንብቱን የወሰነው አካል በቀጣዮቹ ዓመታት አምስትና ስድስት ጊዜ ሰው ሲቀያይር፣ «ችግሩ ከምርጫችን ይሆን?» ብሎ ራሱን የጠየቀበት ጊዜ አላየንም። አንድ ሱቅ በሁለት ዓመት አምስት ገንዘብ ያዥ ቀይሮ ገንዘቡ መጉደሉን ካልተወ፣ ስድስተኛ ገንዘብ ያዥ ከመቅጠር ይልቅ መሳቢያውን መፈተሽ አይሻልም?

ወደ ክለቦቻችን እንምጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በገንዘብም በደጋፊም በሀገሪቱ ቀዳሚ ከሚባሉት ክለቦች አንዱ ነው። 2009 ዓ.ም. ላይ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን ዋንጫው ራቀው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰዱት፤ የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ በ2013 ፋሲል ከነማ ወሰደው። በእነዚህ ዓመታት ክለቡ ያፈራረቃቸውን የውጭ ሀገር አሠልጣኞች ቁጠሩልኝ፤ ፖርቱጋላዊው ቫዝ ፒንቶ፣ እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሆል፣ ሰርቢያዊው ሰርዳን ዝቪጅኖቭ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማሒር ዴቪድስ፣ ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታል። እያንዳንዱ የራሱን አጨዋወት ይዞ ይመጣል፤ ተጫዋቹ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይደርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

አሁን ለተቃራኒው ሐሳብ ፍትሐዊ ልሁን። ይኸው ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 ዓ.ም. በውድድሩ መካከል ዋና አሠልጣኙን ቀይሮ ኃላፊነቱን ለዘሪሁን ሸንገታ ሰጠና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2015ም ደገመው። ከውጭም ብንመለከት ቼልሲ መጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ቪላስ ቦአስን አባርሮ ረዳቱን ዲ ማቴዮን ሾመና ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በላ። ሌስተር ሲቲም ሻምፒዮን ያደረገውን ራኒዬሪን በዘጠኝ ወሩ፣ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ሲያባርረው እንግሊዝ ሁሉ «ውለታ ቢስ!» አለ፤ ክለቡ ግን በዚያ ዓመት ከመውረድ ተርፏል። ስለዚህ «ማባረር አይሠራም» ብሎ ድምዳሜ መስጠት ልክ አይሆንም።

ነገር ግን እነዚህን ምሳሌዎች ጠጋ ብለን እንያቸው። ዘሪሁንም ሆነ ዲ ማቴዮ ከውጭ የመጡ አዳኞች አልነበሩም። ከውስጥ የነበሩ፣ ተጫዋቹን በስሙና በጠባዩ የሚያውቁ፣ ልምምድ ሜዳ ላይ ቀድሞውኑ አብረው የዋሉ ሰዎች ናቸው። ለውጡ የሠራው ነገሩ ሁሉ ስለተናደ ሳይሆን አብዛኛው ነገር ባለበት ስለቀጠለ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሌላም ነገር አለ፤ ያው ቼልሲ ዲ ማቴዮን ዋንጫውን በበላ በስድስት ወሩ አባረረው። የማባረር ልማድ አንዴ ከጀመረ ዋንጫም አያቆመውም ማለት ነው።

የገብረመድህን ኃይሌ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ከላይ እንደጠቀስኩት ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ብዙ ሳይቆይ ከተነሡት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ይዞ በ2010 ሻምፒዮን አደረገው፤ በ2011 ወደ መቐለ ሄዶ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ። ሰውዬው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው እንዴ ኳስ የተማረው? አይደለም። ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው አብሮት ያለው ሁኔታ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በበኩሉ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ከሊጉ ወረደ። ዋንጫው በአሠልጣኙ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ከከተማው ወጣ እንጂ ክለቡ ውስጥ ሥር አልሰደደም። ከዚህ በተቃራኒ ኢትዮጵያ መድን በ2015 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲመለስም ሆነ በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን አሠልጣኙ ይኸው ገብረመድህን ነበር። በመካከል ዋንጫ ያልተገኘባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ክለቡ ግን አልተጣደፈም። ትዕግሥት ዋንጫ ያመጣል ብዬ ዋስትና አልሰጥም፤ ትዕግሥት የሌለው ክለብ ግን ያገኘውንም መያዝ እንደሚያቅተው ከጅማ አይተናል።

ለመሆኑ አሠልጣኙ በምን ሁኔታ ውስጥ ነው የሚሠራው? እዚህ ላይ ነው ኳስ ቤት የማናነሣው ነገር ያለው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመጣ በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል፤ ልምምድ ሲቆም ነጥብ ይጣላል። ነጥብ ሲጣል የሚጠየቀው ግን በጀቱን ያዘገየው ሰው አይደለም። ተጫዋች ሲገዛም አሠልጣኙ ያልጠየቀውን ተጫዋች ሌላ ሰው ፈርሞ ያመጣል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ሲባል ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ጀመረ። ማስተላለፉ ጥሩ ነው፤ ክለቦቻችንን በስክሪን ለማየት በቅተናል። ነገር ግን አሠልጣኙ ቡድኑን ይዞ ሳምንታትን በሆቴል ያሳልፋል፤ «ሜዳችን» የሚባል ነገር የለውም፤ ደጋፊው ሩቅ ነው፤ ወሬው ግን ቅርብ ነው።

ይህንን ሁሉ ስንደምረው የቦርዱ ውሳኔ ምን እንደሚመስል አባቶቻችን በአንድ አባባል ጨርሰውታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በጀት የሚለቅቀውን ባለሥልጣን መናገር ያስፈራል፤ ሃያ አምስት ተጫዋች ማባረር ብር ይጠይቃል፤ ደጋፊን ማባረር አይቻልም፤ ቦርዱ ራሱን አያባርርም። የቀረው አንድ ሰው ነው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ማኅተም፣ በቃ። ደጋፊውም ለሁለት ሳምንት ይረጋጋል። በማኔጅመንት ቋንቋ ካየነው ይህ ችግር መፍታት አይደለም፤ የሥልጣንና የኃላፊነት አለመመጣጠን ነው። ሥልጣን የሌለውን ሰው ኃላፊ አድርጎ መቅጣት በየትኛውም መጽሐፍ ተገቢ ሆኖ አላነበብኩም።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን ላምጣው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ምክንያት በሊጉ መሳተፍ ያልቻሉትን የትግራይ ክለቦች ለመተካት በሐዋሳ የማሟያ ውድድር ሲካሄድ የኮልፌ ቀራንዮ ክለብም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር። ሳይሳካለት ቀረ፤ ቦታውን ያገኙት በፕሪሚየር ሊጉ የቆዩት ክለቦች ሆኑ። ቢሆንም የክፍለ ከተማችን ስም ከፕሪሚየር ሊግ አፋፍ ደርሶ ነበር። እንደዚህ ላለ ክለብ አሠልጣኝ መቀያየር ከትልቅ ክለብ የበለጠ ጉዳት አለው። ትልቁ ክለብ ስህተቱን በገንዘብ ያርመዋል። የትንሹ ክለብ ሀብት ግን ከየሰፈሩ ሜዳ የሚለቀሙት ልጆች ናቸው፤ ቤተልና ዓለም ባንክ አካባቢ ከትምህርት ቤት በኋላ አቧራ ላይ የሚጫወቱት። እነዚህን ልጆች የሚያውቃቸው አሠልጣኙ ነው። የትኛው ልጅ ምሳ ሳይበላ ልምምድ እንደሚመጣ፣ የትኛው ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የትኛው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚደርስ የተጻፈ ፋይል የለም፤ ያለው በሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱን ስታባርሩት ፋይሉን አብራችሁ ታባርራላችሁ። አዲሱ አሠልጣኝ የመጣው ነጥብ እንዲያመጣ ነውና ልጆቹን ትቶ ከሌላ ክለብ የተለቀቁትን አንጋፋዎች ይሰበስባል።

ወጪውንም አንርሳ። ፊፋ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የአሠልጣኞች ደንብ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት ውል ያቋረጠ ክለብ ካሣ ይከፍላል፤ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አሠልጣኝም በጽሑፍ አስጠንቅቆ የ15 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በንዴት የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ የሄደውንም የመጣውንም አሠልጣኝ በአንድ ጊዜ የሚያስከፍል ዕዳ ልታመጣ ትችላለች። ይህ ብር ለልጆቹ ጫማ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቦርዱ አሠልጣኙን ከማባረሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልስ እላለሁ። አንደኛ፣ ስንቀጥረው ምን ጠየቅነው? ላለመውረድ ነው፣ ለዋንጫ ነው ወይስ ወጣት ለማፍራት? ሲቀጠር «ወጣት አፍራልን» ተብሎ ሲባረር «ዋንጫ አላመጣህም» የሚባል ሰው ተበድሏል። ሁለተኛ፣ ምን ሰጠነው? ደመወዙ፣ ሜዳው፣ ኳሱ፣ የጠየቃቸው ተጫዋቾች በወቅቱ ደርሰውታል? ሦስተኛ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማን ነው፣ የሚለውጠውስ ምንድን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ «ማንም ይሁን ብቻ ይሄ ይሂድ» የሚል መልስ የሚሰጥ ቦርድ ስሜቱን እያስታመመ ነው እንጂ ክለብ እየመራ አይደለም።

እነዚህ ተመልሰው አሠልጣኙ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ይሂድ፤ እኔም እጄን አወጣለሁ። ተጫዋቾቹ ፈጽሞ የማይሰሙት ከሆነ፣ ልጆቹን የሚያዋርድ ወይም ለመሰለፍ ጉቦ የሚቀበል ከሆነ፣ የተጠየቀውና የተሰጠው ተመጣጥኖ ሳለ ዓመቱን ሙሉ ሥራውን ካልሠራ ይሰናበት። እንዲያውም ጉቦውና ማዋረዱ ከሆነ የውድድሩን መጨረሻ መጠበቅም አያስፈልግም። ሌላው ሁሉ ግን ውድድሩ ሲያልቅ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሰውዬውም ባለበት ይታይ። ስንብት ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠው፤ የቀጠረው አካልም በዚያው ወረቀት ላይ የራሱን ድርሻ ይጻፍ። ሦስት አሠልጣኝ በተከታታይ ቀጥሮ ያባረረ ቦርድ አራተኛውን ከመቅጠሩ በፊት ራሱ ለግምገማ ቢቀርብ ምን ይመስላችኋል?

«ደጋፊ አይታገሥም» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ደጋፊ አይታገሥም፤ እንዲታገሥም አይቀጠርም። ከፍሎ ገብቷል፣ ቢያለቅስም ቢጮህም መብቱ ነው። ቦርድ የሚያስፈልገውም ደጋፊው ሲጮኽ ረጋ ብሎ የሚያስብ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ቦርዱ ከደጋፊው እኩል ከጮኸማ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ክለቡን መምራት ይቻል ነበር።

ያ ያባረርነው ልጅ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልመጣም። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍገኝም፤ ግን «ኳስ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ተውኩት» ነው መልሱ። ባለፈው ሴሚስተር ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ተወው፣ ውድድር ነው» አለኝ። ኮሚቴያችን በዚያ ዓመት ያጣው አንድ ዋንጫ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ክፍያ በማለዳ የሚነሣ አንድ ሰው ነው ያጣው። እስካሁን የሚተካው አላገኘንም። በሚቀጥለው ውድድር ዲፓርትመንታችን አሠልጣኝ ሲመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከመሾማችን በፊት ምን እንደምንጠይቀውና ምን እንደምንሰጠው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁላችንም እንፈርምበት። ኳሶቹም ይቆጠሩ።

ቸር ይግጠመን!